ሙጫው ከመከፈቱ በፊት



የዚህ ምሽት መድረክ አዘጋጆች ስለ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አሠራር እንድናገር ሲጋብዙኝ የተመደበልኝ ጊዜ አንድ ሰዓት እንደሆነ ነገሩኝ። በአንድ ሰዓት ስለ ዘንጉ ሁሉ ላውራ ብል ዳር ዳሩን ነካክቼ መሄድ ይሆንብኛል። ስለዚህ ስለ አንድ ክፍል ብቻ እንድናገር እንዲፈቅዱልኝ ለመንኋቸው፤ ፈቀዱልኝ። የዛሬው ርእሴ የቡሽ እጀታ ነው፤ እንዴት እንደሚገጠምና እንዴት እንደሚጣበቅ።

ከዘንጉ ክፍሎች ሁሉ እጀታን ለምን መረጥህ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። በሚያዝያ ወር ሻድ የሚባለው ዓሣ ከባሕር ተነሥቶ የፖቶማክን ወንዝ ሲወጣ ፍሌቸርስ ኮቭ ወርዳችሁ ጀልባ የተከራያችሁ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ በርክ ሐይቅ ዳር የቆማችሁ፣ እስቲ አንድ ነገር አስታውሱ። ዓሣው መንጠቆውን ሲነካ ያወቃችሁት በምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ በዓይናችሁ አይደለም፤ በመዳፋችሁ ነው። ክሩ ለዘንጉ፣ ዘንጉ ለእጀታው፣ እጀታው ለእጃችሁ ይነግራል። በእጀታውና በዘንጉ መካከል ባዶ ቦታ ካለ ወሬው እዚያ ላይ ይደክማል። ያ ባዶ ቦታ ውኃም ያስገባል። ውሎ አድሮ እጀታው ሲጢጥ ማለት ይጀምራል፣ ከዚያም በዘንጉ ላይ ይዞራል። የዞረ እጀታ ያለው ዘንግ ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን አገልግሎቱ አበቃ ማለት ነው።

ዋናውን ሐሳቤን ገና ከመነሻው ላስቀምጠው፤ ደጋግሜ እመለስበታለሁና። ሙጫ የሚያጸናው አስቀድሞ የተገጠመውን ነው። ያልተገጠመውን አይገጥምም። በዚህ ሥራ የሚደክመው ሁሉ ድካሙን ሙጫው ከመከፈቱ በፊት መጨረስ አለበት። ይህን ለማሳየት በቅድሚያ ስለ ቡሹ፣ ቀጥሎ ስለ ቀለበቶቹ፣ ከዚያ ረዘም አድርጌ ስለ ቀዳዳው፣ በመጨረሻም ስለ ሙጫውና ስለ መገጣጠሙ እናገራለሁ።

እንግዲህ ከቡሹ ልጀምር። ቡሽ የዛፍ ቅርፊት ነው። ዛፉ የባሉጥ ወገን ሲሆን የሚበቅለው በምዕራብ ሜዲትራንያን ዙሪያ ነው፤ በፖርቱጋል፣ በስፔን፣ በሞሮኮ፣ በአልጄሪያ፣ በቱኒዚያ፣ በጣሊያንና በደቡብ ፈረንሳይ። ከዓለም ምርት ግማሽ ያህሉን የምታቀርበው ፖርቱጋል ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ዛፉን ብሔራዊ ዛፏ አድርጋዋለች። ዛፉ ሳይቆረጥ፣ ግንዱ ቆሞ፣ ቅርፊቱ ብቻ በመጥረቢያ ይገፈፋል። የመጀመሪያው መግፈፍ የሚደረገው ዛፉ 25 ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። ከዚያ በኋላ ቢያንስ 9 ዓመት ይታረፍለታል። በመጀመሪያው የሚገኘው ቅርፊት ሻካራና የተሰነጣጠቀ ስለሆነ ለኛ ሥራ አይሆንም። ለእጀታ የሚሆነው ለስላሳ ቡሽ የሚገኘው ከሦስተኛው መግፈፍ ጀምሮ ነው፤ ያኔ ዛፉ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ገፋፊዎቹ መቼ እንደገፈፉት እንዳይረሱ የዓመቱን የመጨረሻ አኃዝ በነጭ ቀለም ግንዱ ላይ ይጽፉበታል። ጥሩ ቡሽ ውድ ነው ብላችሁ ስታዝኑ ይህን ትዕግሥት አስቡት። ዛፉን የተከለው ሰው ብዙ ጊዜ ጥሩውን ቡሽ አያየውም፤ የሚያዩት ልጆቹ ናቸው።

በቡሽ ውስጥ ምን አለ? ሮበርት ሁክ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ በማጉያ መሣሪያ ያየውን ስስ የቡሽ ቅራፊ ሥሎ አሳይቷል፤ ጥቃቅን ክፍሎች ተደርድረው ነበር ያያቸው። በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ቡሽ ውስጥ 40 ሚሊዮን ያህል እንዲህ ዓይነት ሕዋሳት አሉ ተብሎ ይገመታል። እያንዳንዱ አየር የያዘ ነው፤ ግድግዳውም ውኃ በማያሳልፍ ሰም መሰል ነገር የተለበጠ ነው። ስለዚህ ቡሽ ቀላል ነው፣ ውኃ አይጠጣም፣ በብርድ ቀን እጅ አያቀዘቅዝም፣ ሲረጥብም አያንሸራትትም።

ለኛ ሥራ ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ጠባይ አለው። ቡሽ ሲጫኑት ወደ ጎን አያብጥም። ላስቲክ ከላይ ብትጫኑት በጎኑ ይወጣል፤ ቡሽ ግን እዚያው ታምቆ ይቀመጣል፤ ስትለቁትም ሊመለስ ይፈልጋል። እባካችሁ ይህን "ሊመለስ ይፈልጋል" ያልኩትን ያዙልኝ። ቀለበቶቹን ስናጣብቅም፣ ቀዳዳውን ስናሰፋም እናነሣዋለን።

ድሮስ እጀታ ከምን ነበር? በ19ኛው መቶ ዓመት በፔንስልቬንያዋ ኢስተን የሚኖረው ሳሙኤል ፊሊፕ፣ ከእሱም በኋላ በሜይን የሠራው ሃይረም ሌናርድ የተሰነጠቀ ቀርከሃ እያጣበቁ ዘንግ ሲሠሩ እንጨትና የተጠመጠመ ራታን የእጀታ ዕቃ ነበሩ። ቡሽ የተስፋፋው ወደ መቶው ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀርከሃው በፋይበር ግላስ፣ ፋይበር ግላሱ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በካርቦን ፋይበር ተተካ፤ ቡሹ ግን እስከ ዛሬ አለ። ዛሬ ኢቪኤ የሚባለው ፎም በብዙ ዘንጎች ላይ ይገጠማል። ለጨው ውኃና ለጀልባ ላይ ከባድ ሥራ ጥሩ ነው፤ አይቆሽሽም፣ አይቆረስም። ቢሆንም የዓሣውን ንክሻ ለመስማት የፈለገ ሰው ቡሽ ይያዝ እላለሁ፤ በዚህ ላይ አቋሜ ጽኑ ነው።

ወደ ቀለበቶቹ ልለፍ። የእጀታ ቡሽ የሚሸጠው በቀለበት መልክ ነው። የተለመደው ቀለበት ውፍረቱ 12.7 ሚሊ ሜትር፣ የውጭ ስፋቱ 32 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን መካከሉ ላይ 6.35 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አለው፤ በኢንች ግማሽ፣ አንድ ከሩብ እና ሩብ ማለት ነው። በሰው ሠራሽ ዝንብ ለሚጠመድበት ዘንግ እጀታ 13 ወይም 14 ቀለበት ይበቃል። እናንተ ስትገዙ ሁለት ሦስት በላይ ግዙ።

ቀለበት ስትመርጡ ከላይ ያለውን ፊት ብቻ አትዩ። ቡሽ በተፈጥሮው ቀዳዳዎች አሉት፤ ዛፉ የሚተነፍስባቸው ናቸው። በርካሽ ቀለበት እነዚህ ቀዳዳዎች በቡሽ ዱቄትና በሙጫ ተደፍነው ይመጣሉ። ሲገዙት ያምራል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ድፍኑ ይረግፍና ጉድጓዱ ብቻ ይቀራል። ቀለበቱን በጣታችሁ መካከል ይዛችሁ ወደ ብርሃን አዙሩት፤ በጎኑም በውስጡም ተመልከቱ። አንዳንዱ ጉድጓድ ከውጭ ትንሽ መስሎ ወደ ውስጥ ይሰፋል፤ ስትሞርዱት ነው የሚገለጠው።

አመራረጣችሁን ስትጨርሱ ቀለበቶቹን ደርድሯቸው። ንጹሖቹን አውራ ጣት ከሚያርፍበት ቦታ፣ መካከለኞቹን መሀል አድርጉ። ጉድጓዶቹ በአንድ መስመር እንዳይውሉ እያንዳንዱን ቀለበት ትንሽ ትንሽ አዙሩት። በሁለቱ ጫፎች ላይ ደግሞ ከላስቲክ ጋር ተጨፍልቆ የተሠራውን ጠንካራ ቡሽ አድርጉ። እጀታ መቆረስ የሚጀምረው ከጫፉ ነው፤ መኪና ውስጥ ሲገባ፣ ከግድግዳ ጋር ሲደገፍ የሚጋጨው ጫፉ ነውና።

ቀለበቶቹን እርስ በርስ ለማጣበቅ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቀለበቱን አንድ በአንድ በዘንጉ ላይ እያስገቡና እያጣበቁ ሄዶ እዚያው ዘንጉ ላይ ቅርጽ ማውጣት ነው። ሁለተኛው እጀታውን ለብቻው አጣብቆ፣ ቅርጽ አውጥቶ፣ በኋላ ቀዳዳውን ለዘንጉ አስፍቶ ማስገባት ነው። የመጀመሪያው ለመግጠም ይመቻል፤ ቅርጽ ሲወጣ ግን ዘንጉን መጫር አለ፣ ዘንጉን በሙሉ የሚያዞር ቶርኖም ይጠይቃል። ለጀማሪ ሁለተኛውን እመክራለሁ፤ እጀታው ቢበላሽ ዘንጉ ይተርፋልና። የምናገረውም በዚያው መንገድ ነው።

የሚያስፈልገው ቀላል ነው። ጥርስ የወጣለት 6 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ብረት፣ ሁለት ዳዶ፣ ሁለት ሮንዴላ፣ ቀዳዳ ያላቸው ሁለት የእንጨት ጉማጆች። ብረቱን ሰም ቀቡት፤ ሙጫው ይዞት እንዳይቀር። በቀለበቶቹ ፊት ላይ ሙጫ በስሱ ቀቡ፤ ከቀዳዳው አፍ ትንሽ ራቁ። ከዚያ ቀለበቶቹን በብረቱ ላይ ደርድሩ፣ በሁለቱ ጫፍ ጉማጅና ሮንዴላ አስገቡና ዳዶውን አጥብቁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው በኃይል ያጠብቃል። አጥብቄ ባሰርኩት መጠን ይጸናል ብሎ ያስባል። ቡሽ ሲታመቅ ሊመለስ ይፈልጋል ብያችሁ ነበር። ከልክ በላይ ካጠበቃችሁት ሙጫው ከመካከል ተጨምቆ ይወጣል፤ የቀረው ጥቂት ሙጫም ዳዶው ሲፈታ ሊመለስ ከሚፈልገው ቡሽ ጋር ዕድሜውን ሙሉ ይሟገታል። ልኩ ይህ ነው፤ በየመጋጠሚያው ዙሪያ ስስ የሙጫ መስመር ብቅ ሲል አቁሙ። ቁልፍ አታንሡ፤ በጣት የሚጠብቀው ይበቃል። 24 ሰዓት ይቆይ።

ለዚህ መጋጠሚያ የትኛው ሙጫ ይሻላል? ውኃ የሚችል የእንጨት ኮላ ጥሩ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚደርቅ ኢፖክሲም ጥሩ ነው። የምትጠነቀቁት ስለ አንድ ነገር ነው። ሙጫው ከቡሹ በጣም የጠነከረ ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ስትፈትጉት ቡሹ ቶሎ ያልቃል፣ ሙጫው ይቀራል። በመጨረሻ እጃችሁን ስታሳልፉበት በየቀለበቱ መካከል ጠርዝ ይሰማችኋል። መድኃኒቱ ሙጫውን ማሳሳት ነው። ነጭ የተለመደው የወረቀት ሙጫ ግን በውኃ ይለቃል፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ስለ ቅርጹ ብዙ አልናገርም። ቶርኖ ያለው በቶርኖ፣ የሌለው ብረቱን በትራፓኖ ነክሶ በቀስታ እያዞረ ይሠራዋል። በመሮ አትንኩት፤ ቡሽ በመሮ ይቦጨቃል። በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ቅርጹን አውጡ፣ በ120 አስተካክሉ፣ በ220 አለስልሱ፣ በ400 ጨርሱ። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። የቅርጹን ነገር ለየእጃችሁ ተዉት። የእናንተን መዳፍ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ደረስን፤ ወደ ቀዳዳው። ከዚህ ምሽት ንግግሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ።

ዘንግ ቀጥ ያለ ቱቦ አይደለም። ከታች ወፍሮ ወደ ላይ እየቀጠነ ይሄዳል። ለምሳሌ እጀታው በሚያርፍበት ቦታ ታችኛው ጫፍ 9.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ላይኛው ጫፍ 9 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀዳዳውን በ9.5 ሚሊ ሜትር ትራፓኖ ቀጥ አድርጎ የበሳው ሰው፣ ታች ላይ ጥብቅ፣ ላይ ላይ ልቅ የሆነ እጀታ ይዞ ይቀራል። አውራ ጣቱ የሚያርፈው ደግሞ ላይ ነው። ቀዳዳውም እንደ ዘንጉ እየቀጠነ መሄድ አለበት።

ወንበር የሚሠራ አናጺ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መርካቶ ያደጋችሁ ታውቃላችሁ። የእግሩን ጫፍ ወደ ቀዳዳው አስገብቶ ያወጣዋል፣ ያየዋል፣ በሞረድ ትንሽ ይነካዋል፣ መልሶ ያስገባዋል። ኮላው ጎኑ ተቀምጦ ይጠብቃል። ልቅ ሆኖ የገባ እግር ኮላ ቢሞላበትም ዓመት ሳይሞላ እንደሚወዛወዝ አናጺው ያውቃል። የኛም ሥራ ከዚያ አይለይም።

ቀዳዳውን የምናሰፋበትን መሣሪያ ከሱቅ መግዛት ይቻላል፤ እየቀጠኑ የሚሄዱ ሻካራ ዘንጎች ይሸጣሉ። እኔ ግን ራሳችሁ እንድትሠሩት ነው የምፈልገው። የተሰበረ የድሮ ዘንግ ፈልጉ፤ የምትገጥሙለትን ዘንግ የሚመስል ቅጥነት ያለው ቁራጭ ይሁን። ሻካራ የብርጭቆ ወረቀት በረጅሙ ቆርጣችሁ እንደ ጠመዝማዛ መስመር ዙሪያውን አጣብቁበት። ይኸው ነው። የተሰበረው ዘንግ ቅጥነቱ ከአዲሱ ጋር ስለሚቀራረብ ቀዳዳውን በራሱ ቅርጽ ያወጣዋል። ክብ ሞረድም ለመጀመሪያው ማስፋት ይረዳል፤ ለመጨረሻው ግን አትመኑት። ሞረድ ወደ አንድ ጎን ያደላል፣ ቀዳዳውንም ሞላላ ያደርገዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መሣሪያውን ከእጀታው ታችኛው አፍ፣ ማለትም ከሰፊው በኩል አስገቡ። በእጃችሁ እያዞራችሁ ጥቂት ፈትጉ፤ እጀታውንም በሌላው እጃችሁ በተቃራኒው አዙሩት፤ ወደ አንድ ጎን እንዳያደላ። አውጡት፣ ዱቄቱን አራግፉት፣ ዘንጉ ላይ ሞክሩት። የት ድረስ ገባ? መግባት ካለበት ቦታ አራት ጣት ቀረው? ጥቂት ጨምሩ። ሁለት ጣት ቀረው? አሁን በጣም ጥቂት። እየተቃረባችሁ በሄዳችሁ ቁጥር የምትፈትጉትን ቀንሱ፣ የምትሞክሩትን ጨምሩ። ከቡሽ የተነሣ አይመለስም።

እጀታውን ባለ ብዙ ክፍል ዘንግ ላይ ስትሞክሩ የታችኛውን ክፍል ብቻ ያዙ፤ ከቀጭኑ ጫፍ አስገብታችሁ ወደ ታች አውርዱት። ሲወርድ መጀመሪያ እንዲሁ ይንሸራተታል። ቦታው ሲደርስ በእጅ ቀላል ግፊት፣ ትንሽ እየተጠማዘዘ መግባት አለበት። ጉልበት ከጠየቀ ጠቧል። የጠበበ እጀታ በግድ ሲገባ ወዲያውኑ ላይሰነጠቅ ይችላል፤ ቡሹ ሊመለስ እየፈለገ ተወጥሮ ይቀመጣል፣ በመጀመሪያው ከባድ ቅዝቃዜ ወይም በመጀመሪያው ትልቅ ዓሣ ይተረተራል። በተጨማሪም ጥብቅ ቀዳዳ ሙጫውን ጠርጎ ያወጣዋል፤ ውስጡ ደርቆ ይቀራል። ልቅ ከሆነ ደግሞ ሙጫው ወፍራም ትራስ ይሆናል፤ ክብደት ይጨምራል፣ ባዶ አረፋም ይይዛል።

ልኩን ለማወቅ ሁለት ሙከራ አድርጉ። መጀመሪያ እጀታው ቦታው ላይ ሳለ ላይኛውን ጫፍ በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ግራና ቀኝ ግፉት። ቀጥሎ ታችኛውን። አንደኛው ቢነቃነቅ ሌላው ባይነቃነቅ ቅጥነቱ አልተስማማም፤ የማይነቃነቀውን ወገን ጥቂት ፈትጉ፣ ሁለቱም እኩል እስኪቀመጡ። ሁለተኛው ሙከራ የጠመኔ ነው። ዘንጉን በነጭ ጠመኔ ቀብታችሁ እጀታውን አስገቡና አውጡ፤ ጠመኔው ከዘንጉ ላይ የተጠረገበት ቦታ ቡሹ የሚነካበት ነው። ዙሪያውን፣ ከላይ እስከ ታች እየነካ ከሆነ ጨርሳችኋል። እዚህም እዚያም እንደ ቀለበት ብቻ እየነካ ከሆነ በቀዳዳው ውስጥ ያሉት የሙጫ መስመሮች ቆመው ቀርተዋል ማለት ነው። ቅድም ሙጫውን ከቀዳዳው አፍ አርቁ ያልኩት ለዚህ ነው።

በእጀታው ላይኛ ጫፍ ላይ ክፍተቱን የሚሸፍን ትንሽ የጌጥ ቀለበት ይገጠማል። ይገጠም፤ ያምራል። ነገር ግን ልቅ ቀዳዳ ለመደበቅ ብሎ የሚገጥመውን ሰው አልደግፍም። ገዢው አያየው ይሆናል፤ እጁ ግን ያውቀዋል። ሙጫ የሚያጸናው የተገጠመውን ነው ብያለሁ፤ ጌጥም ያው ነው።

ክሩ የሚጠቀለልበት መጠቅለያ የሚታሰርበት መቀመጫ ጉዳይ ትንሽ ይለያል። መቀመጫው ብዙውን ጊዜ ውስጡ ከዘንጉ በጣም ሰፊ ስለሆነ በመካከሉ መሙያ ያስፈልጋል። ብዙዎች ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የወረቀት ፕላስተር በዘንጉ ላይ ይጠመጥማሉ። ይሠራል፤ ግን አንድ ላይ አትጠምጥሙት። ጣት የማይሞላ ስፋት ያላቸው ሦስት አራት ጥምጥሞች አድርጉና በመካከላቸው ክፍተት ተዉ። በክፍተቱ ሙጫው ከዘንጉ እስከ መቀመጫው በቀጥታ ይደርሳል። ጫፎቹንም በሙጫ ሸፍኑ። ፕላስተሩ ውኃ ካገኘ ይበሰብሳል፤ ፕላስተር ላይ ብቻ የቆመ መቀመጫም አብሮ ይለቃል። ከጠጣር ፎም ወይም ከካርቦን የተሠራ መሙያ የምታገኙ ከሆነ እሱ ይሻላል።

እንግዲህ ሙጫውን እንክፈት። ለዚህ ደረጃ የምመክረው ሁለት ክፍል ያለውን፣ ቀስ ብሎ የሚደርቀውን ኢፖክሲ ነው። በ5 ደቂቃ የሚደርቀውን ተዉት። አንደኛ፣ ጊዜ አይሰጥም፤ እጀታው ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ ይይዝባችኋል። ሁለተኛ፣ በተለምዶ ውኃና ንቅናቄ የመቻል አቅሙ ከዘገምተኛው ያነሰ ነው። እየተነፋ የሚደርቀውንም ፖሊዩሬቴን ሙጫ አልመርጠውም፤ ሲነፋ የተስተካከለውን ይገፋዋል።

በመጀመሪያ ሁሉንም ነገር ያለ ሙጫ ሰብስቡ። እጀታው የሚያበቃበትን ቦታ በዘንጉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ዘንጉ በተፈጥሮው የሚታጠፍበትን ጎን አስቀድማችሁ ካገኛችሁት በእርሳስ መስመር አኑሩት፤ መቀመጫው የሚስተካከለው በዚያ መስመር ነው። ከምልክቱ በታች ያለውን የዘንጉን ወዝ በስስ የብርጭቆ ወረቀት አደብዝዙት። ሙጫ ከሚያብለጨልጭ ገጽ ጋር አይስማማም። ካርቦኑን ራሱን ግን አትሞርዱት፤ ወዙን ማንሣት ይበቃል። በአልኮል ጥረጉት፤ ጠመኔውም የጣታችሁ ቅባትም ይሂድ። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት።

ጓንት አድርጉ። ይህን እናንተን ለማስጨነቅ አይደለም የምለው፤ የኢፖክሲ ማድረቂያው ቆዳን ያስቆጣል፣ በተደጋጋሚ የነካው ሰው ላይ ዘላቂ አለርጂ ሊፈጥር ይችላል። መስኮት ክፈቱ። ሁለቱን ክፍሎች በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ስፈሩ፤ በዓይን ግምት አይሆንም። ማድረቂያ ቢበዛ ቶሎ ይደርቃል የሚል እምነት አለ፤ ስሕተት ነው፤ ልኩ የተዛባ ኢፖክሲ ተለጣፊ ሆኖ ይቀራል እንጂ አይጸናም። ጎንና ታቹን እየጠረጋችሁ በደንብ አዋሕዱት። በጠባብ ጽዋ ተከምሮ የቆየ ኢፖክሲ ራሱን ያሞቅና ቶሎ ይይዛል፤ በጠፍጣፋ ነገር ላይ ከዘረጋችሁት ረዘም ያለ ጊዜ ይሰጣችኋል።

ቀጥሎ በዘንጉ ላይ ከምልክቱ በታች ብቻ በስሱ ቀቡ። በእጀታው ቀዳዳ ውስጥም በቀጭን እንጨት ጥቂት ቀቡ። እጀታውን ከቀጭኑ ጫፍ አስገቡና ሙጫው ጋ ሲደርስ እያጠማዘዛችሁ አውርዱት፤ ማጠማዘዙ ሙጫውን ዙሪያውን ያዳርሰዋል። ትርፉ ሙጫ በፊቱ እየተገፋ በታች በኩል ይወጣል። በጨርቅና በአልኮል ጥረጉት። በላይኛው ጫፍ ዙሪያ ደግሞ ስስ የሙጫ መስመር ሳይቋረጥ መታየት አለበት፤ ውኃው የሚገባው ከዚያ ነውና።

መቀመጫውን ወዲያው አስከትሉ። መሙያውን በሙጫ ሸፍኑት፣ መቀመጫውን እያዞራችሁ ግፉት፣ ከእርሳሱ መስመር ጋር አስተካክሉ። የታችኛውን ክዳን የምትገጥሙ ከሆነ ለአየሩ መውጫ አስቡለት። የታፈነ አየር ሙጫው ሲሞቅ ተነፍቶ ክዳኑን ቀስ ብሎ ይገፋዋል፤ ጠዋት ስትነሡ ሁለት ሚሊ ሜትር ወጥቶ ታገኙታላችሁ። ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት ዘንጉን ትታችሁ አትሂዱ። በየጊዜው አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በርዝመቱ ተመልከቱት፤ መቀመጫው ከመስመሩ ፈቀቅ ካለ አሁን በእጅ ይመለሳል። ነገ አይመለስም።

ደርቆ እንደሆነ ለማወቅ ዘንጉን አትነካኩ። የተረፈውን ሙጫ በማዋሐጃው ላይ ተዉት፤ የዘንጉን ሁኔታ እሱ ይነግራችኋል። እሱ በጥፍር ሲጫኑት ምልክት የማይቀበል ከሆነ በእጀታው ውስጥ ያለውም እንዲሁ ነው። ቢሆንም ቢያንስ 24 ሰዓት ስጡት፤ ክፍሉ ቀዝቃዛ ከሆነ ከዚያም በላይ።

ከመጨረሴ በፊት ለጥገና ጥቂት ልጨምር፤ አሮጌ ዘንግ ያላችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። አንድ ቀለበት ብቻ ከተቆረሰ እጀታውን በሙሉ አታንሡ። የተጎዳውን ቀለበት በስለታም ምላጭ ዘንጉን ሳትነኩ ቆርጣችሁ አውጡ። አዲስ ቀለበት ለሁለት ሰንጥቁ፣ ሁለቱን ግማሾች በቦታው ሞክሩ፣ ልክ ሲሆኑ በሙጫ አስገብታችሁ በጎማ እሠሩ፣ ሲደርቅ ከጎረቤቶቹ ጋር እኩል ፈትጉት። እጀታው በሙሉ የሚዞር ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ቡሹን በስቶ በመርፌ ሙጫ መርጨት ለአንድ ወቅት ያቆየው ይሆናል፤ ባዶው ቦታ ውስጥ አሮጌ ሙጫ፣ ውኃና ዱቄት አለ፤ አዲሱ ሙጫ የሚይዘው እነሱን ነው። ቡሹን አንሥቶ፣ ዘንጉን አጽድቶ፣ ከቀዳዳው ጀምሮ እንደገና መሥራት ይሻላል። ካርቦን ዘንግ ላይ ሙጫውን አለሰልሳለሁ ብላችሁ ወደ እሳት አታስጠጉት፤ ዘንጉ ራሱ በሙጫ የተሠራ ነው።

ከፊታችሁ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሦስት እጀታዎችና አንድ ዘንግ አሉ። ሙጫ የነካቸው የለም። አንደኛው ላይ ላይ ልቅ ነው፣ አንደኛው ጠቧል፣ አንደኛው ልክ ነው፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አልጻፍኩባቸውም። ልጆቹ ይቅደሙ። በየተራ እያስገባችሁ ሞክሯቸው፣ ጫፍና ጫፋቸውን በጣታችሁ ግፉ፣ ጠመኔውም ጎናቸው አለ፤ ከዚያ ልክ ነው የምትሉትን ይዛችሁ ኑና ለምን እንደመረጣችሁት ንገሩኝ። ጥያቄያችሁንም እዚያው እቀበላለሁ።